የኬብል ዲኮደር ሳይከራዩ ጥራቱ የላቀ የቴሌቪዥን ሥዕል ስለ ማግኘት

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በየወሩ ጥቂት በጥቂት የሚከፈል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከሚከፈል ብዙ ገንዘብ ይልቅ ከዐይን ይሰወራል። በአሜሪካን አገር ሱቅ፥ ምግብ ቤትና መኖሪያ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን ለኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያ በሚከፍሉት የወር ሒሳብ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ መስመር ይገኛል፤ ይኸውም የዲኮደሩ ኪራይ ነው። የጣቢያዎቹ ዋጋ ለብቻው ከተከፈለ በኋላ፥ ጣቢያዎቹን ለማየት የሚያገለግለው ሣጥን ደግሞ ለየቴሌቪዥኑ በየወሩ ይከራያል። ይህን ኪራይ ማስቀረት ይቻላልን? ጥያቄው እነዚያን ወገኖቻችንን ብቻ ሳይሆን፥ ቴሌቪዥንና ዲኮደር ከውጭ አገር የሚያስመጡትን የአገራችንን ነጋዴዎችም የሚነካ ስለ ሆነ፥ በዚህ ገጽ ልናስረዳ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ዲኮደር ምን እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል። ኬብሉ በመቶ የሚቈጠሩ ጣቢያዎችን በአንድ ሽቦ ተሸክሞ ወደ ቤት ይገባል። ዲኮደሩ በዚህ ላይ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው መምረጥ ነው፤ ከብዙዎቹ ጣቢያዎች ተመልካቹ የፈለገውን ለይቶ ያወጣል፤ ይህን የሚሠራው ክፍል ቱነር ይባላል። ሁለተኛው መክፈት ነው፤ ኩባንያው ያልከፈለ ሰው እንዳያይ ሥዕሉን ቈልፎ ስለሚልከው፥ ዲኮደሩ በቁልፉ ይፈታዋል። ቱነር ማንም ፋብሪካ ሊሠራው፥ ማንም ነጋዴ ሊሸጠው የሚችል ዕቃ ነው። ቁልፉ ግን በኩባንያው እጅ ነው። ኪራዩም የሚጸናው፥ የሚቀረውም በዚህ ልዩነት ነው።

የአሜሪካን መንግሥት ይህን ልዩነት ከተገነዘበ ቈይቷል። ቀድሞ በስልክ ሥራ ተመሳሳይ ነገር ነበረና፥ በ1968 የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ካርተርፎን በተባለው ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጥቶ፥ ደንበኞች የስልክ ኩባንያው ንብረት ያልሆነ መሣሪያ በመስመሩ ላይ እንዲቀጥሉ ፈቅዶ ነበር። ለኬብልም በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ በ629ኛው አንቀጽ፥ ዲኮደሮች ከማናቸውም ሱቅ ሊገዙ የሚችሉበትን መንገድ ኮሚሽኑ እንዲያዘጋጅ አዘዘ። ከዚህ የተወለደው ኬብል ካርድ የተባለው ዕቃ ነው። ስፋቱ የባንክ ካርድ የሚያህል፥ ውፍረቱ ግን ከዚያ የበለጠ ሲሆን፥ ቁልፉን ብቻ የያዘ ነው። ደንበኛው ቴሌቪዥኑን ወይም መቅጃውን በገዛ ገንዘቡ ይገዛል፤ ካርዱን ከኩባንያው በትንሽ ኪራይ ይቀበልና በማስገቢያው ቀዳዳ ይሰካዋል፤ ቱነሩ የደንበኛው፥ ቁልፉ የኩባንያው ይሆናል ማለት ነው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ ዕርቅ አይገኝም። በሥራ ላይ ግን ብዙ እንቅፋት ገጠመው። ካርዱ የሚሰካባቸው ከሱቅ የተገዙ መሣሪያዎች መልእክት ከመቀበል በቀር ስለማይልኩ፥ ደንበኛው በጠየቀው ሰዓት ፊልም የሚያሳየው አገልግሎት በእነርሱ አይገኝም ነበር። አንዳንድ ኩባንያዎችም የሽቦውን ቦታ ለመቈጠብ ሲሉ ጣቢያዎችን ተመልካች ሲጠይቅ ብቻ መላክ ስለ ጀመሩ፥ ለካርድ ተጠቃሚው ሌላ ተጨማሪ መሣሪያ አስፈለገ። ካርዱ ሳይሠራ ሲቀር ኩባንያው በቴሌቪዥኑ ሠሪ፥ ሠሪውም በኩባንያው ያሳብብ ነበር። ኮሚሽኑ መድኀኒት ይሆናል በማለት ከሐምሌ 1 ቀን 2007 ጀምሮ ኩባንያዎቹ ራሳቸው በሚያከራዩት ዲኮደር ውስጥም ያንኑ ካርድ እንዲያገቡ አዘዘ፤ ሻጭ ለሌላው ያቀረበውን ምግብ ራሱም እንዲቀምሰው ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ትእዛዝ ከሁሉም የተሻለው ነበር፤ ሆኖም በ2014 መጨረሻ በወጣ ሕግ ተሰርዞ፥ ከታኅሣሥ 2015 ጀምሮ ሥራ ላይ መዋሉ ቀረ። በ2020 ደግሞ ኮሚሽኑ የካርዱን ደንቦች አነሣ። ዛሬ ካርዱ የሚገኘው ኩባንያው በፈቃዱ ማገልገሉን በቀጠለበት ቦታ ብቻ ስለ ሆነ፥ ካርድ የሚቀበል አሮጌ መቅጃ በርካሽ ተገኘ ብሎ ከመግዛት በፊት ኩባንያውን መጠየቅ ይገባል።

የኪራዩ ጠቅላላ ልክ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ፥ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት የሆኑት ኤድዋርድ ማርኪና ሪቻርድ ብሉመንታል በ2015 ያወጡትን ውጤት መመልከት ይችላል። በዚያ መሠረት አንድ ቤተ ሰብ በአማካይ በዓመት 231 ዶላር ለዲኮደር ኪራይ ይከፍል ነበር፤ ከመቶው ደንበኛ 99ኙም ተከራይ ነበር። ከ19 ዓመት ሕግ በኋላ ገዥው አንድ ከመቶ ብቻ መሆኑ፥ በገበያ ላይ ዕቃ እንዲኖር መፍቀድና ገዥ እንዲያገኝ ማድረግ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል።

ካርድም ዲኮደርም ሳይኖር ኬብሉን በቀጥታ በቴሌቪዥኑ ጀርባ መሰካትስ? በአሜሪካን አገር የተሸጡ ብዙ ቴሌቪዥኖች ክዋም የተባለውን የኬብል አላላክ የሚቀበል ቱነር አላቸው። ቀድሞ የአካባቢው ጣቢያዎች ሳይቈለፉ ይላኩ ስለ ነበር፥ በዚህ መንገድ ጥርት ያለ ሥዕል ያለ ኪራይ ይገኝ ነበር። ነገር ግን በጥቅምት 2012 ኮሚሽኑ አላላካቸውን በሙሉ ዲጂታል ያደረጉ ኩባንያዎች እነዚህንም እንዲቈልፉ ፈቀደ። ቱነሩ ዛሬም በቴሌቪዥኑ ውስጥ አለ፤ የሚመርጠው ግን የተዘጋ በር ነው።

እንግዲህ ዛሬ የቀረው ዋና መንገድ የኩባንያው አፕሊኬሽን ነው። ታላላቆቹ የኬብል ኩባንያዎች ጣቢያዎቻቸውን በኢንተርኔት በኩል የሚያሳይ አፕሊኬሽን አዘጋጅተዋል፤ ይህም በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ላይ በቀጥታ፥ በሌሎቹም ላይ ሮኩን በመሰለ ከሱቅ በሚገዛ ትንሽ መሣሪያ ይሠራል። ቁልፉ አሁን በስምና በምስጢር ቃል ተለውጧል። ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት፤ ሦስት ቴሌቪዥን ያለው ቤት ለእያንዳንዱ ዲኮደር በወር 10 ዶላር ይከፍላል ብንል፥ በወር 30፥ በዓመት 360፥ በአምስት ዓመት 1,800 ዶላር ይሆናል። የመሣሪያው ዋጋ 40 ዶላር ነው ብንል፥ ለሦስቱ አንድ ጊዜ 120 ዶላር ብቻ ይወጣል። ሆኖም አፕሊኬሽኑ በየትኛው ቴሌቪዥን ላይ እንደሚሠራ፥ የተመዘገቡበትን ጣቢያ ሁሉ ያሳይ እንደ ሆነ፥ ኢንተርኔቱም የዚያው ኩባንያ መሆን ያስፈልገው እንደ ሆነ፥ ዲኮደሩን ከመመለስ በፊት ጠይቆ መረዳት ያሻል። ዲኮደሩም ሲመለስ ቍጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ መቀበል፥ የሚቀጥለውንም ወር ሒሳብ መመርመር ግድ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት በጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ ስፍራ አይጠብም።

የአካባቢውን ታላላቅ ጣቢያዎች ብቻ ለሚሻ ሰው ግን ኩባንያም አያስፈልገው ይሆናል። ከሰኔ 12 ቀን 2009 ወዲህ የአሜሪካን ሙሉ ኀይል ያላቸው የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሁሉ በዲጂታል ያሰራጫሉ፤ ከማሰራጫው ብዙ ያልራቀ ቤት በአንቴና ብቻ ኤቢሲን፥ ሲቢኤስን፥ ኤንቢሲንና ሌሎቹን በነጻ ይቀበላል። ኩባንያው ሥዕሉን በኬብል ሲልክ ብዙ ጊዜ ስለሚያጨምቀው፥ በአንቴና የመጣው አንዳንዴ ጠርቶ ይታያል።

ሕጉም ለደንበኛው ያቈየለት መብት አለ። በታኅሣሥ 2019 ወጥቶ ከአንድ ዓመት በኋላ ሥራ ላይ የዋለው የቴሌቪዥን ተመልካቾች መጠበቂያ ሕግ፥ ኩባንያው ላላቀረበው መሣሪያ ኪራይ እንዳያስከፍል ይከለክላል። አዲስ ተመዝጋቢም ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ ሁሉ የተጠቃለለበት ጠቅላላ ዋጋ እንዲነገረው፥ ከዚያም በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ውሉን እንዲያፈርስ ፈቅዷል። ይህን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው፤ በተለይ ውሉን በእንግሊዝኛ አንብቦ ለመጨረስ ትዕግሥት ያጣ ሰው በዚህች አንድ ቀን ቢጠቀም መልካም ነው። ለምግብ ቤት ባለቤቶች ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን፤ ለመኖሪያ ቤት የተገባ ውል በእንግዶች ፊት ለማሳየት አያገለግልምና፥ ኪራይ ለማዳን ብሎ የቤቱን አፕሊኬሽን በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ መክፈት ከኪራዩ የሚበልጥ ክርክር ያመጣል።

አሁን ወደ አስመጪዎቻችን እንመለስ። ከላይ የተናገርንለት የአሜሪካን ቱነር ለዚያ አገር ኬብልና አንቴና የተሠራ ስለ ሆነ፥ በዘመድ እጅ ወይም በካርጎ የመጣ ቴሌቪዥን እዚህ ሲደርስ ከዲሽም ሆነ ከአገር ውስጥ አንቴና በራሱ ምንም አይቀበልም፤ ዲኮደር ወይም ኢንተርኔት ካልተጨመረለት መስተዋት ነው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነም በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። በአውሮፓ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2002 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት ስፋቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ዲጂታል ቴሌቪዥን የውጭ ቁልፍ የሚሰካበት ክፍት ማስገቢያ እንዲኖረው ስለ ታዘዘ፥ በጀርመን ያለ ተመልካች የኬብል ኩባንያውን ካርድ በዚሁ ማስገቢያ ሰክቶ ያለ ዲኮደር ያያል። አሜሪካን በትእዛዝ ጀምራ የተወችውን፥ አውሮፓ በቴሌቪዥኑ አካል ውስጥ አኖረችው።

በአገራችን ብዙው ደንበኛ የሚያየው በዲሽ ነው። ዲ ቪ ቢ ኤስ 2 የተባለው ቱነር በውስጡ ያለበት ቴሌቪዥን፥ ሽቦው ከዲሹ በቀጥታ ቢገባለት፥ ያልተቈለፉትን ጣቢያዎች በጥሩ ጥራት ያለ ሪሲቨር ይከፍታል። ባለ ሱቁ ይህን ለደንበኛው ቢያስረዳ የሪሲቨር ሽያጭ ይቀንስበት ይሆናል፤ ቴሌቪዥኑን ግን ከጎረቤቱ ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ አስመጪው ለፋብሪካው በሚልከው የትእዛዝ ደብዳቤ ላይ የስክሪኑን ስፋት ብቻ ጽፎ አይለፍ፤ ዲ ቪ ቢ ኤስ 2 ቱነር፥ የቁልፍ ካርድ ማስገቢያ፥ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ የሚሉትን በተለየ መስመር ያስገባ፤ ያው ቃል በፕሮፎርማውም ላይ ተደግሞ መምጣቱን ይመልከት፤ አንድ ናሙና አስመጥቶም በሱቁ ጣራ ላይ ባለው ዲሽ ከሞከረ በኋላ ቀሪውን ይዘዝ።