ስለ ፍላፕና ስለ አየር ፍጥነት መለኪያ

ከምድር በሬዲዮ የሚመራ ትንሽ አይሮፕላን ለጨዋታ ብቻ የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን ትልቁን አይሮፕላን በአየር ላይ የሚይዘው ሕግ ትንሹንም ይገዛዋል። ስለዚህ በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን በዓይን ለማየት ጥሩ መማሪያ ነው።

ሀ/ ሁለት ዓይነት ፍጥነት

ክንፍ አይሮፕላኑን የሚያነሣው አየር በላዩና በታቹ ሲያልፍ ነው። እንግዲህ ክንፉ የሚያውቀው በአየሩ ውስጥ ያለውን ፍጥነት እንጂ በምድር ላይ ያለውን አይደለም። አንድ ትንሽ አይሮፕላን በአየር ውስጥ በሰከንድ 15 ሜትር ይሄዳል እንበል። ነፋሱ በሰከንድ 6 ሜትር ቢነፍስ፣ ነፋሱን ተጋፍቶ ሲመጣ በምድር ላይ 9፣ ነፋሱን ተከትሎ ሲሄድ 21 ሜትር ይሆናል። ቆሞ የሚመራው ሰው ይኸን 21 አይቶ «እጅግ ፈጠነ» በማለት ሞተሩን ቢቀንስና በምድር ላይ 15 ቢያደርሰው፣ በአየር ውስጥ የሚቀረው 9 ብቻ ነው። ያን ጊዜ ክንፉ ሸክሙን መያዝ ያቅተውና ይወድቃል፤ ይህም ስቶል ይባላል። እንደ መንዝ ነፋስ በማያጣ አገር ይህ ዋና አደጋ ነው።

ለ/ መለኪያው

ዓይን ስለሚሳሳት መለኪያ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ፒቶ በ1732 እ.ኤ.አ. የወንዝ ውሃ ፍጥነት የሚለካበትን ቱቦ አስገኘ፤ ዛሬም ፒቶ ቱቦ እየተባለ በአይሮፕላን ላይ ይሠራል። አንደኛው ቀዳዳ ወደ ፊት ዞሮ የሚመጣውን አየር ይቀበላል፤ ሌላው በጎን ሆኖ የረጋውን አየር ግፊት ይወስዳል። የሁለቱ ልዩነት ፍጥነቱን ያስታውቃል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግፊቱ ልዩነት አራት እጥፍ ይሆናል። ቱቦው የሞተሩ መዘውር ከሚገፋው አየር ርቆ መተከል አለበት፤ አቧራ፣ ውሃ ወይም ትንኝ እንዳይደፍነውም በማይበርበት ጊዜ ይሸፈናል።

ሐ/ የደጋ አየር

ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር በሆነ ሥፍራ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር በሰከንድ 10 ሜትር ስቶል የሚያደርግ አይሮፕላን በደጋ 11.6 ሜትር ላይ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ፒቶ ቱቦም በዚያው ስስ አየር ስለሚለካ፣ በሁለቱም አገር የሚያሳየው ቁጥር 10 ነው። መለኪያውን አይቶ የሚያበር አይሳሳትም፤ ነገር ግን በደጋ ለማረፍ ረዘም ያለ ሜዳ እንደሚያስፈልገው ይወቅ።

መ/ ፍላፕ

ፍላፕ ከክንፉ ኋላ፣ ወደ አካሉ ቀርቦ የሚገኝ ታጣፊ ክፍል ነው። ወደ ታች ሲታጠፍ የክንፉ ጉብታ ይጨምራል፤ የማንሣት ኃይሉና የአየሩ መጎተትም አብረው ያድጋሉ። አሞራ ሲያርፍ ክንፉንና ጅራቱን እንደሚዘረጋ ያለ ነው። የክንፉ የማንሣት ቁጥር በፍላፕ ምክንያት ከ1.2 ወደ 1.6 ቢያድግ፣ ከላይ ያልነው 11.6 ወደ 10 ይወርዳል። ደጋው የወሰደውን ፍላፑ መለሰ ማለት ነው።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦

1ኛ/ የግራና የቀኙ ፍላፕ እኩል መታጠፉን በምድር ላይ መመርመር፤ ካልተስተካከለ አይሮፕላኑ ይገለበጣል።
2ኛ/ በከፍተኛ ፍጥነት አለመዘርጋት፤ የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ጥርሱ ሊሰበር ይችላል።
3ኛ/ ሲዘረጋ አፍንጫው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊያዘነብል ስለሚችል፣ መጀመሪያ ከፍ ብሎ መሞከር።
4ኛ/ ወደ ምድር ቀርቦ በዝግታ ሲበር በድንገት አለመሰብሰብ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

ሠ/ መለኪያ ሲሳሳት

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ በ6 ደቂቃ ያህል ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎችም አለቁ። ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋራ የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካው የግራው መሣሪያ ከምድር እንደ ተነሣ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ የግራው የፍጥነት ንባብም ከቀኙ ተለየ። ኤምካስ የተባለው በራሱ የሚሠራ መሪ ያንን አንድ መለኪያ ብቻ አምኖ፣ ፍላፑ ከተሰበሰበ በኋላ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። የዚህ ዓይነት አይሮፕላን በመላው ዓለም ታገደ፤ በኋላም ሥርዓቱ የሁለቱን መለኪያዎች ቃል እንዲያስተያይ ተደረገ። አባቶቻችን በአንድ ምስክር አይፈረድም የሚሉት ለመኪናና ለአይሮፕላንም ይሠራል።

ስለዚህ ትንሽ አይሮፕላን ለመሥራት የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ይጠይቅ፤ ከሰውና ከከብት የራቀ ሜዳ ይምረጥ፤ መለኪያውን ይመርምር፤ ዓይኑንና መለኪያውንም ያስተያይ።

መልመጃ፦ አንድ አይሮፕላን በአየር ውስጥ በሰከንድ 14 ሜትር ይበራል፤ ነፋሱ 8 ሜትር ነው። ነፋሱን ሲጋፋና ሲከተል በምድር ላይ ያለው ፍጥነት ስንት ይሆናል? ለማረፍስ ከየትኛው ወገን መምጣት አለበት?