ሳይቃጠል በቅጠል

በዓል እንደ ሌባ በድንገት የሚመጣ አይደለም። እንቁጣጣሽ መስከረም 1፥ መስቀል መስከረም 17፥ ጥምቀት ጥር 11 ቀን እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን፤ ፋሲካም ቀኑ በየዓመቱ ቢለዋወጥ፥ የ55 ቀን ጾም አስቀድሞ መምጣቱን ያሳስበናል። ይህን እያወቅን ግን ዋዜማው ሲደርስ ብድር ፍለጋ እንሮጣለን። ከዚያ በኋላ የበዓሉ ደስታ ያልፋል፤ ዕዳው ግን ከእኛ ጋር ይከርማል። ባልና ሚስትን የሚያጣላው፥ የልጆችንም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያጓድለው ይኸው ዕዳ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ በጾም ወራት ለሥጋ፥ ለቅቤና ለእንቁላል ይወጣ ከነበረው ገንዘብ በመጀመሪያ የድኻውን ድርሻ እንስጥ፤ ከቀረውም ጥቂቱን እናስቀምጥ። በቀን 20 ብር ብናኖር በ55 ቀን 1,100 ብር ይሆናል።

ሁለተኛ፥ የማይበላሸውን አስቀድመን እንግዛ፤ በርበሬውን ምርቱ በሚገባበት ጊዜ፥ ቅቤውንም የዋዜማ ገበያ ዋጋውን ሳያንረው ገዝተን፥ አንጥረን እናስቀምጥ።

ሦስተኛ፥ ከጎረቤቶቻችን ጋር በቅርጫ ስንገባ መደባችንን በአቅማችን እንውሰድ። እገሌ ሙሉ መደብ ወሰደ ብለን በብድር የምንወዳደር ከሆነ፥ የምንበላው የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ ነው።

ይህንም ሁሉ ባልና ሚስት ተቀምጠው፥ ገቢና ወጪውን ሳይደባበቁ፥ በዓሉ ገና ሩቅ ሳለ ሊመክሩበት ይገባል። በዋዜማው የሚደረግ ምክር ጭቅጭቅ ይሆናልና፤ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ስለዚህ ነው።