ማታ መውጣት ላማረህ

ልጄ፣ ለሥራ ተመድበህ ከአዲስ አበባ ወደ አማራ ክልሏ ሮብ ገበያ በገባህ ሳምንት የጠየቅኸኝ ነገር «ማታ ማታ ምን አለ?» የሚል ነበር። አለ። እንደ ቦሌ በየበሩ ሙዚቃ አትጠብቅ እንጂ አለ።

1. ከመውጣትህ በፊት አከራይህን ጠይቅ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭት ከተነሣ ወዲህ በአማራ ክልል ማታ መውጣት በራስ ፈቃድ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ሰዓት እላፊ ታውጆ እንደሆነ፣ መንገዱም ሰላም መሆኑን ሳታጣራ ደጅ አትርገጥ። ባትሪና ዱላ ያዝ። ጅቡ ሰው አይነካም ይላሉ፤ የሰፈሩ ውሻ ግን እንግዳ ያውቃል።

2. የሳምንቱ ሞቅታ ገበያው የሚቆምበት ሮብ ነው። ጤፉን የሸጠ ገበሬ ወደ ጠላ ቤት ጎራ ይላል፤ ግን አገሩ ሩቅ ነውና አያመሽም። ስለዚህ ጨዋታው የሚደራው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አንተ ታጥበህ፣ ለብሰህ ሁለት ሰዓት ላይ ብትወጣ የምታገኘው ወንበር የምታነሣ ሴት ነው። ደግሞ ሮብ ጾም ነው! «ጥብስ አምጪ» ብለህ ጮክ አትበል፤ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይሉሃል። ሽሮ ብላ፣ ተልባ ብላ። ጥብስህን ከፋሲካ በኋላ ላሉት ሃምሳ ቀናት አቆየው፤ ያኔ ሮብም ይፈሰካል።

3. ጠላ ቤት ምልክቱ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነው። ባለቤቲቱ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ አትጠጣ። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ በል፤ «በእግዜር» ሲሉህ ትቀመጣለህ። ዳግም አረቄ ግን ተው። እዚህ የሰከረ ሰው ወሬው ከሱ ቀድሞ ነው ቢሮ የሚገባው፤ አለቃህም፣ ደንበኛህም፣ አከራይህም አንድ አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡት።

4. አዝማሪ ካገኘህ ዕድለኛ ነህ፤ ጥር የሠርግ ወር ነውና ያኔ ፈልገው። ዝርዝር ብር በኪስህ ይኑር። ካወደሰህ በኋላ ኪስ መዳበስ ያሳፍራል፤ ቀጣዩ ግጥም ስድብ ነው። ግጥም ከመጣልህ «ተቀበል» ብለህ ስጠው። ስለ ሰው ሚስትና ስለ ፖለቲካ ግን አትስጥ።

5. ቡና ከጠሩህ ሂድ። አቦል ጠጥቶ መነሣት የለም፤ በረካው ይድረስ።

6. ከሁሉ የሚበልጠው የከተራ ማታ ነው፤ ጥር 10። ታቦቱ በእልልታና በሆታ ወደ ውኃው ዳር ወርዶ በድንኳን ያድራል፤ ሕዝቡም አብሮ ያድራል። ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ ጎረምሳው ሲጨፍር፣ እናቶች እሳት ዳር ሲያወጉ ሌሊቱ ሳይታወቅ ቅዳሴው ይደርሳል። የጥር ብርድ ያንቀጠቅጣልና ወፈር ያለ ጋቢ አዘጋጅ። በጥምቀት ሰሞንም ፈቃድ ጠይቀህ አዲስ አበባ እንዳትሄድብኝ።