ከጀልባ በታች ያለ እንጨት

ሰው የሚያየውን ያመሰግናል፤ የተሰወረውን ግን ይረሳል። ወደ አዲስ ቤት የገባ እንግዳ ጣራውንና ግድግዳውን ያደንቃል፤ ጣራውን ስለ ተሸከመው ምሰሶ ግን አይጠይቅም። ነገር ግን ምሰሶው የነቀዘ እንደ ሆነ የተደነቀው ጣራ ሁሉ ከእርሱ ጋራ ይወድቃል። ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጀልባን በየብስ መንገድ ለመውሰድ በተሳቢ ሠረገላ ላይ የሚሠራው የእንጨት ማረፊያ ነው።

ጀልባ በውሃ ላይ ሳለ ውሃው ሆዱን ከሁሉ ወገን ደግፎ ይሸከመዋል። ወደ የብስ በወጣ ጊዜ ግን ይህን ደጋፊ ያጣል። ክብደቱም በአንድ ጠባብ ስፍራ ላይ ብቻ ያረፈ እንደ ሆነ ያ ስፍራ ይጐደጕዳል ወይም ይሰነጠቃል። የጣና ባላገር በደንገል የሚሠራት ታንኳ ቀላል ስለ ሆነች ባለቤቷ ከውሃ አውጥቶ እንድትደርቅ አቁሞ ያስደግፋታል፤ ሠረገላም አያሻትም። በሳንቃ ወይም በብረት የተሠራ ከባድ ጀልባ ግን እንዲህ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከሆዱ በታች ሁለት ረዣዥም ወራጆች፣ ከወራጆቹም በታች አግዳሚዎች ይደረጉለታል። ሥራቸውም ውሃው ይሠራው የነበረውን መሥራት ነው፤ ይኸውም ክብደቱን ለሁሉም ስፍራ አካፍሎ መሸከም።

ከባድ ሸክም በየብስ መውሰድ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት በሚስዮን ሠራተኞች እጅ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን የሚጠጋ ነበረ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ እስከ መጋቢት ድረስ በብዙ መቶ ሰዎች እየተጐተተ መቅደላ ደረሰ። ለመድፉ መንገድ ተጠረገለት፤ የሚሸከመውም ሠረገላ ተሠራለት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጣናነሽ 2 የተባለችው ትልቅ ጀልባ በባሕር እስከ ጅቡቲ ከመጣች በኋላ፣ ብዙ መንኰራኵር ባለው ተሳቢ ላይ ተጭና በየብስ ወደ ጣና ጕዞ ጀመረች። መድፍም ቢሆን ጀልባም ቢሆን፣ ሸክሙ ከመነሣቱ አስቀድሞ ማረፊያው ሊበጅ ግድ ነው።

እንግዲህ ማረፊያውን የሚሠራ ሰው አስቀድሞ እንጨቱን ይመርጣል። ጽድ ምስጥንና ብስባሴን ይቋቋማል፤ ወይራም እጅግ ጠንካራ ነው። ዝግባ ቀጥ ያለና ለመላጊያ የሚመች ቢሆንም እርጥበት ሲያገኘው ቶሎ ይበሰብሳል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሳይደርቅ የተሠራበት እንደ ሆነ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ማናቸውም እንጨት በጥላ ስር፣ ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ ተነባብሮ ሊደርቅ ይገባል።

ሁለተኛው ነገር አቀማመጡ ነው። ውፍረቱ 5፣ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳንቃ ተጋድሞ ሲቀመጥ በሸክም ይጐብጣል፤ በጠርዙ የቆመ እንደ ሆነ ግን መጕበጥን የሚቃወምበት ኃይል 9 እጥፍ ይሆናል። እንጨቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ በአቋሙ ነው። ነገር ግን በጠርዙ የቆመ ሳንቃ ወደ ጐን እንዳይወድቅ ከግራና ከቀኝ በደጋፊ መያዝ አለበት።

ሦስተኛው ማሰሪያው ነው። ምስማር በመንገድ መንቀጥቀጥ ይላላልና ወራጁ ከአግዳሚው ጋራ በብሎን ይታሰራል። የብሎኑም ራስ የጀልባውን ሆድ እንዳይፍቅ በእንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ወራጁ ከጀልባው ኋለኛ ጫፍ በታች እስከ መጨረሻው ይደርሳል፤ አጥሮ የቀረ እንደ ሆነ ጫፉ ያለ ደጋፊ ተንጠልጥሎ ሆዱ ይጣመማል። በመጨረሻም እንጨቱ በወፍራም ጨርቅ ወይም በምንጣፍ ይለበሳል። ጨርቁ ግን ውሃ ይይዛልና ውሃው እንዲወርድ፣ ነፋስም እንዲያገኘው የወራጁ ታች ሳይሸፈን ይቀራል።

ሥራው ይህ ነው። የሠራተኛው ፈተና ግን በዚህ በመጨረሻው ነገር ውስጥ ተሰውሮ አለ፤ ጨርቅ ከለበሰ በኋላ በውስጡ ያለው ጽድ ይሁን እርጥብ ባሕር ዛፍ ማን ያውቃል? የሚከተለው ምሳሌ ይህን ያስረዳል።

በአገው ምድር በአዘና አንድ ሽማግሌ አናጢ ነበረ። አንድ ሰውም ለጣና ዓሣ አጥማጆች ጀልባ አሠርቶ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስድበትን የሠረገላ ማረፊያ እንዲሠራለት አናጢውን ለመነው። አናጢው ሁለት ዓመት የደረቀ ጽድ ለደቀ መዝሙሩ ሰጥቶ ስለ ሌላ ጕዳይ ወደ እንጅባራ ሄደ። ደቀ መዝሙሩ ግን አንደኛውን ወራጅ በመጋዝ ሲቈርጥ ልኩን ስቶ አሳጠረው። ስሕተቱን ማስታወቅ ስላፈረ በዚያው ሳምንት ከተቈረጠ ባሕር ዛፍ ሌላ ጠርቦ አገባ፤ ታቹን ሳይቀር ሁሉንም በሸራ ለበጠው። መምህሩ በሦስተኛው ቀን ማታ ተመልሶ ባየው ጊዜ፣ «ልጄ፣ እጅህ ተባረከ» አለው።

ያን ሌሊት ደቀ መዝሙሩ እንቅልፍ አልወሰደውም። ስድቡ ቢሆን ይችለው ነበር፤ ምርቃቱ ግን ከበደው። ሳይነጋ ተነሥቶ ከመምህሩ ፊት ቆመና፣ «ጌታዬ፣ ከሸራው በታች ያለው አንደኛው እንጨት እርጥብ ነው» አለ።

መምህሩ አልመታውም። መብራት ይዞ ወጣና ሸራውን ገለጠው። እንጨቱ ከወዲሁ ተሰንጥቆ ነበረ፤ ብሎኑም በእጅ ሲነኩት ይነቃነቅ ጀመረ። ሽማግሌውም፣ «ልጄ፣ ይህ እንጨት በመንገድ ቢጣመም ጀልባው ወዲያው አይሰበርም፤ ሆዱ በጥቂቱ ይሰነጠቃል፣ ማንም አያየውም። ስንጥቁ በመንገድ ይጀምራል፤ ውሃው ግን የሚገባው በሐይቁ መካከል ነው። በዚያን ጊዜ በውስጡ የሚቀመጡት እኔና አንተ አይደለንም» አለው።

ባለ ጀልባው በማለዳ መጥቶ ሥራው እንዳልተፈጸመ በሰማ ጊዜ ተቈጣ፤ ስለ መዘግየቱም ከዋጋው ቀነሰ። መምህሩ ኪሣራውን ተቀበለ፤ ደቀ መዝሙሩም ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ደረቅ ጽድ ሲጠርብ ሰነበተ። ከዚያ ወዲያ ግን መምህሩ ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ የቤቱን መሣሪያ ሁሉ ለእርሱ አደራ ይሰጠው ነበር።

ልጆች ሆይ፣ ከዚህ ሁለት ነገር ተማሩ። መጀመሪያው፣ መሳሳት የሰው ሁሉ ነው፤ ስሕተትን መሸፈን ግን ሁለተኛ ስሕተት ነው፣ እርሱም ከፊተኛው ይከፋል። ሁለተኛው፣ የተሰወረ ሥራ የሚፈረድበት በሚያየው ሰው ሳይሆን በሚሸከመው ሸክም ነው። ሸራ የሰውን ዓይን ይጋርዳል፤ ክብደትን ግን አያታልልም።

ሙሴ ታቦቱን ባሠራ ጊዜ የሚሸከሙበት መሎጊያዎች በወርቅ ተለበጡ። ወርቁ እንጨቱን ፈጽሞ ይሸፍነው ነበር፤ ሆኖም ከወርቁ በታች ያለው እንጨት የማይነቅዝ እንዲሆን ታዘዘ። የሚሸከም ሁሉ ላዩ ብቻ ሳይሆን ውስጡም የታመነ ሊሆን ይገባዋልና።

ጥያቄ።
1. ጀልባ በውሃ ላይ ሳለ የማያስፈልገው ደጋፊ በየብስ ላይ ስለ ምን ያስፈልገዋል?
2. አንዱ ሳንቃ ተጋድሞ ከሚቀመጥ ይልቅ በጠርዙ ቢቆም ምን ይጠቅማል?
3. ደቀ መዝሙሩ የሠራው የከፋ ጥፋት የትኛው ነው? እንጨቱን ማሳጠሩ ነው ወይስ መሸፈኑ?