ለዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት ልጅና የኢንተርኔት ገጹ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲ መግባት በዋናነት በፈተና ውጤት ይወሰናል። ወደ አሜሪካ የሚያመለክት ልጅ ግን ከውጤቱ ባሻገር ሥራውም ይታያል። «ኮመን አፕ» በተሰኘው የማመልከቻ ሥርዓት እስከ 10 ተግባራት ይዘረዘራሉ፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ የተፈቀደው ግን ከ150 ሆሄያት አይበልጥም። ስለሆነም ያስጠናቸውን ልጆች፣ የጻፈውንና የሠራውን ሳያጋንን የሚያሳይበት አንድ ንጹሕ ገጽ እንዲኖረው እንመክራለን።

የተለጠፈ ነገር ሊጎዳም ይችላል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ በፌስቡክ ጸያፍ ምስሎችን የተለዋወጡ ቢያንስ 10 አመልካቾችን ቅበላ ሰርዟል።

የየቲም አሳዳጊዎች ሆይ! የልጁን የቲምነት ለሐዘኔታ መጠየቂያ አታድርጉት፤ የወላጁን የሞት ምስክር ወረቀትና የቤቱን አድራሻ በገጹ ላይ አታውጡ። ክብሩ በእጃችን ያለ አማና ነው፤ ሊመዘን የሚገባው ሥራው ነው።