«ሰውፈ» የምትባለው ትንሽ ቃል

ዐረቦች ሥራን ዛሬ ነገ እያሉ ማቆየትን «ተስዊፍ» ይሉታል። ቃሉ የወጣው ግሥን ወደ መጪው ጊዜ ከምትወስደው «ሰውፈ» ከምትል ትንሽ ቃል ነው። «አደርገዋለሁ» ማለት ራሱን ችሎ የበሽታ ስም ወጣለት ማለት ነው። ይህ በሽታ ያልገባበት ቤት ባይኖርም የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪን የሚይዝበት የራሱ መንገድ አለው።

በቅርቡ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነውን የጎረቤቴን ልጅ የአንድ ቀን ውሎውን እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ክፍያውን ጅዳ የምትሠራው እህቱ ናት የምትልክለት፤ በዚህ ትምህርት አንዴ ወድቋል። የቤት ሥራው «ሊንክድ ሊስት» የተባለውን የመረጃ አያያዝ በሲ ቋንቋ መጻፍ ነበር። የተሰጠው ከ2 ሳምንት በፊት፣ ማስረከቢያው የዚያኑ ዕለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ሱብሒን ሰግዶ ላፕቶፑን ከፈተ። የመጻፊያውን ፕሮግራም ቀለም ቀየረ። ቴሌግራም ላይ ጓደኞቹን የት እንደደረሱ ጠየቀ፤ ማንም የትም እንዳልደረሰ ሲሰማ ልቡ ረጋ። ከዙህር በኋላ ስለ ትምህርቱ የሚያስረዳ ቪዲዮ አየ፤ ገባው። ሁለተኛ አየ፤ ይበልጥ ገባው። ዐስር ሲደርስ የጻፈው 11 መስመር ነበር፤ 3ቱ ስሙ፣ የመታወቂያ ቁጥሩና ቀኑ ናቸው።

ይህን ልጅ ሰነፍ እንዳትሉት። ቀኑን ሙሉ ያደረገው ሁሉ ሥራ ይመስላል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

የአይ ቢ ኤምን ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ስሌት አስፍሯል። ከጠቅላላው ጊዜ ሲሶው ለዕቅድ፣ አንድ ስድስተኛው ለመጻፍ፣ ግማሹ ለመፈተሽና ስሕተት ለማረም ይሂድ ይላል። ተማሪያችን «በ3 ሰዓት እጨርሰዋለሁ» ሲል የሚቆጥረው ያቺን አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናትም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ያሉ ተማሪዎች 55 ቀን ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ስለዚህ ግምታችሁን አትመኑት።

ማረም ለምን ጊዜ ይበላል? ሊንክድ ሊስትን እንደ ሰፈር አስቡት። እያንዳንዱ ቤት የሚያውቀው የቀጣዩን ጎረቤቱን አድራሻ ብቻ ነው። አንዱን ቤት የሚቀጥለው የት እንደሆነ ሳትጠይቁ ካፈረሳችሁት ከኋላው ያሉት ሁሉ ይጠፋሉ። ፕሮግራሙም «ሴግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ሊቆም ይችላል፤ ስሕተቱ በየትኛው መስመር እንደሆነ አይነግርም። ይህን በወረቀት ላይ ሣጥንና ቀስት ሥሎ መከታተል የረጋ አእምሮ ይጠይቃል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ እንዲህ ያለ አእምሮ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ልንገራችሁ። «መቼ ትጀምራለህ?» ሲባል «ነገ፣ ኢንሻአላህ» የሚል ወጣት በዝቷል። ይህ ቃል ሊሠራ ቆርጦ ለተነሣ ሰው የታዘዘ አደብ ነው፤ ላለመሥራት መሸሸጊያ ሲሆን መስማት ያማል።

ልጁን የመከርኩት አጭር ነው። የቤት ሥራው በተሰጠበት ዕለት አንዲት ቤት ብቻ ሠርተህ፣ አስኪደህ፣ ስትሠራ አይተህ ዝጋው። ቀንህን ሶላት ከፋፍሎልሃል፤ ከዙህር እስከ ዐስር ባለው ጊዜ መጨመርን፣ በማግስቱ መሰረዝን ጻፍ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ስትጣበቅ «አልገባኝም» ብለህ ሳይሆን «ይህን መስመር ሳስኬድ ይህ ሆነ» ብለህ መምህርህን ጠይቅ፤ ለዚህ ግን መምህሩ ቢሮ ባለበት ሰዓት መጀመር ያስፈልጋል።