ስለ ደጅህ መብራት

የእህቴ ልጅ፣

ባለፈው እሑድ ደውለህ «ጋሼ፣ ልጆቹ ዘንድሮ ለሃሎዊን ደጃፋችንን በሚያስፈራ መብራት እናስጊጠው ብለው ይዘውኛል። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ መብራት ሲዘረጉ የኖሩ ሰው ነዎት፣ እስቲ ይምከሩኝ» አልከኝ። መስመሩ እየተቆራረጠ የነገርኩህ ግማሹ ባከነ፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ። የላክልኝን ፎቶ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሦስት ደረጃ፣ በስተግራ አንድ ዛፍ፣ ከእግረኛ መንገዱ እስከ በሩ ጥቂት እርምጃ። አንተ የምትኖርበትን ሲልቨር ስፕሪንግን አላውቀውም፤ የዱከምን ሌሊት ግን መብራት ሳይገባ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ጨለማም የትም አገር ጨለማ ነው።

1. ከመብራቱ በፊት የሚመጣውን ልጅ አስብ። ጥቅምት 21 ማታ የማታውቃቸው ልጆች ከረሜላ ሊጠይቁ ደጅህ ይቆማሉ። ይህ ላንተ እንግዳ ነገር አይደለም። ነሐሴ 12፣ በቡሄ ዋዜማ ማታ ዱላህን ይዘህ፣ ችቦው እየበራ፣ ከጓደኞችህ ጋር ሆያ ሆዬ እያልክ በየደጁ ስትዞር ሙልሙል ትቀበል የነበርከው አንተው ነህ። አስታውስ እስቲ፦ በጨለማው ጠባብ መንገድ ውሻ ሲጮህ እርስ በርስ ትያያዙ ነበር። ከዚያ አንዲት እናት በር ከፍታ ከኋላዋ ቢጫ ብርሃን ሲወጣ ልባችሁ መለስ ይል ነበር። የምሽቱ ጣዕም እዚያ ላይ ነበር። አንተም አጥሩ ዘንድ አስፈራ፣ በሩ ላይ ግን ተቀበል። ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

2. አብዛኛውን ደጅ በጨለማ ተወው። ሰው መብራት ሲገዛ ማብራት ይቀናዋል፤ ዛፉን፣ ግድግዳውን፣ ደረጃውን ሁሉ ያበራና የሠርግ ቤት ያስመስለዋል። የሚያስፈራው ግን ያልታየው ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንድ ነጭ አምፖል ፊት ለፊት ከበራ ያ ሁሉ በአንድ አፍታ ይጠፋል። ስለዚህ በረንዳው ላይ ያለውን ትልቁን መብራት በዚያች ማታ አጥፋው።

ልጅ ሆኜ አንድ ማታ ከየረር በኩል ከብት ፍለጋ ወጥተን ስንመለስ አባቴ ባትሪውን ወደ ቁጥቋጦው አበራ። ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች መልሰው አዩን። ጅቡን አላየሁትም፤ ጆሮውም፣ ገላውም፣ እግሩም አልታየኝም። ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር፣ እሱም ቀስ ብሎ ጠፋ። ይኸው ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አልረሳሁትም። አንተም ከዛፉ ሥር ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ሁለት ትንንሽ በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ መብራቶች ጎን ለጎን፣ በአራት ጣት ልዩነት ደብቅ። ከመቶ አምፖል ይበልጥ ይሠራሉ።

3. መብራቱን ከታች አስነሣው። ፀሐይም ጨረቃም ከላይ ስለሚያበሩ የሰው ፊት ጥላው ወደ ታች ሲወርድ ማየት ለምደናል። ብርሃኑ ከአገጭ ሥር ሲመጣ የዓይን ጉድጓድ ጥላ ይገለበጣል፣ የምናውቀው ፊት የማናውቀው ይሆናል። አያቴ ተረት ስታወራን ኩራዙን መሬት ላይ ነበር የምታስቀምጠው። እሷ ጎንበስ ስትል ጥላዋ የጭቃውን ግድግዳ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ይታጠፍ ነበር፤ ተረቱን ሳይሆን ጥላውን ነበር የምንፈራው። መብራት ለዕቃው በቀረበ ቁጥር ጥላው ይተልቃል። ከዛፉ ግንድ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገህ ትንሽ መብራት መሬት ላይ ብታስቀምጥ፣ ቅርንጫፎቹ በቤትህ ግድግዳ ላይ ጣት ይሆናሉ። ሌላ ጌጥ መግዛት አያስፈልግህም።

ዱባውም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ልማዱ የአየርላንድ ሰዎች ነው፤ በአገራቸው ሥራ ሥር ቦርቡረው ፊት ያወጡለት ነበር፣ አሜሪካ ሲገቡ ዱባ አገኙ። ውስጡ ሻማ አታስገባ፤ በጥቅምት እናንተ ዘንድ ደረቅ ቅጠል መሬቱን ሸፍኗል፣ የልጆቹም ልብስ ስስ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን አስገባ።

4. ከሁለት ቀለም አትለፍ። ቀይ መብራት ቀዩን ያደምቃል፣ አረንጓዴውን ያጠቁራል። አንዳንድ ልኳንዳ ቤት ቀይ አምፖል የሚሰቅለው ለዚህ ነው፤ ሥጋው አሁን የታረደ ይመስላል። ያንኑ ቀይ በቅጠል ላይ ብታበራው ቅጠሉ ከሰል ይሆናል። አረንጓዴ መብራት ደግሞ የሰው ከንፈር ያጠቁራል፣ ፊቱን የታመመ ያስመስላል። እኔ ብሆን ለዛፉ አረንጓዴ እመርጣለሁ፣ ለግድግዳው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ፤ የጨረቃ ነገር አለበት። ሐምራዊው እየተሸጠ ስላየኸው ብቻ አትግዛ። በሩ ላይ ግን ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል ቢጫ አምፖል አድርግ፤ እኛ ቤት በየክፍሉ የምታውቀው 6500 ሁሉን ነገር ያገረጣዋል።

5. ብልጭ ድርግም የሚለውን ተወው። በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚበራ የሚጠፋ መብራት የሚጥል በሽታ ያለበትን አንዳንድ ሰው ሊጥለው ይችላል፤ ማን ልጅ እንደዚያ እንዳለበት ከፊቱ አታውቅም። እንደ ሻማ ቀስ እያለ የሚርገበገበው ይበቃል።

6. ሽቦው ላይ አትቸኩል። የዛሬ 3 ዓመት ለገና ያመጣህልኝን ጌጥ ታስታውሳለህ? እናንተ ዘንድ ኮረንቲው 120 ቮልት ነው፣ እኛ ዘንድ 220። ካርቶኑን ሳላነብ እንግዳ ሳይመጣ ብዬ ቸኩዬ ሰካሁት፤ ጧ አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ እስከ ማግስቱ ሳሎኑን አልለቀቀም። ስንት ዓመት በሙያው የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ደግሞም ልጆች አጠገቤ ነበሩ፤ እስካሁን ያሳስበኛል። መርካቶ ያየኸውንም ይዘህ አትሂድ፣ እዚያ ቢሰካ ወይ ይደበዝዛል ወይ ጭራሽ አይበራም።

ከቤት ውጭ የሚሠራ ተብሎ የተጻፈበትን ብቻ ግዛ፤ ኤክስቴንሽኑም እንደዚያው። ደጅ ያለው ሶኬት ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ያሉት፣ ኮረንቲ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲያመልጥ ራሱን የሚያቋርጠው ዓይነት ይሁን። መፈተሻውን ተጫነው፤ ካልጠፋ ምንም ነገር አትሰካበት። መጋጠሚያዎቹን ከመሬት ከፍ አድርገህ ዝናብ በማይገባበት አቅጣጫ ስቀላቸው። ሽቦውን በሚስማር አትውጋው። ስንት ገመድ እርስ በርሱ እንደሚቀጠል ካርቶኑ ይነግርሃል፣ ከዚያ አንድም አትጨምር። ከሁሉ በላይ ልጆች በሚረግጡት መንገድ ላይ አንድም ሽቦ አይለፍ፤ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ረጅም ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት። ደረጃውን ግን አብራላቸው፦ በእያንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ አንድ ትንሽ ቢጫ መብራት።

7. መቃብር አትሥራ። መስቀል የተተከለበት የውሸት መቃብር ከሥሩ ቀይ መብራት አድርገው የሚያቆሙ እንዳሉ ነግረኸኛል። አማችህ አብረውህ ይኖራሉ፣ ባለቤታቸውን ከቀበሩ ሁለት ዓመት አልሞላም። ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ያንን አልፈው እንዲሄዱ አታድርግ። በዓሉ ራሱ የማይዋጥላቸው ከሆነም ቁጭ ብለህ አስረዳቸው፣ ስለ ቡሄ አንሣላቸው፤ ካልሆነም ጅቡንና ጥላውን ብቻ አስቀርተህ ሌላውን ተወው።

8. ከሁለት ቀን በፊት ሞክረው። ሲመሽ ልጆችህን ይዘህ ወደ እግረኛ መንገዱ ውጣና በትንሿ ልጅህ ቁመት ቁጢጥ ብለህ ተመልከት፤ የሚመጡት ልጆች የሚያዩት ከዚያ ነው። ዓይን የሚወጋ መብራት ካለ ከድንጋይ ወይም ከቁጥቋጦ ጀርባ አድርገው። ወደ ጎረቤት መስኮት የሚያበራ ካለ አዙረው። ትንሿ ልጅህ እጅህን ጭምቅ አድርጋ ከያዘች በኋላ በሩ ዘንድ ስትደርስ ከለቀቀችህ፣ ልክ ሠርተሃል።

ፎቶ ስታነሣልኝ ፍላሹን አጥፋ፣ ስልክህን አጥሩ ላይ አስደግፈው። እኔ እዚህ እኅትህን ጠርቼ ትልቅ አድርጋ እንድታሳየኝ አደርጋለሁ፤ ሁለቱን ዓይኖች ቁጥቋጦው ውስጥ የት እንደደበቅካቸው ሳትነግረኝ ራሴ ልፈልጋቸው።